ጀርባቸውን ለዓባይ የሰጡ ከተሞች

በስፔን መካከል ያለችው ቶሌዶ የታጉስ ወንዝ በሦስት ጎኗ የከበባት የድንጋይ ኮረብታ ናት። እንግዳ መጥቶ የሚጎበኘው ነገር ሁሉ ከዚህ ወንዝ ጋር የተሳሰረ ነው። በምሥራቅ በኩል ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እየፈረሰና እየታደሰ የኖረውን የአልካንታራን ድልድይ ይሻገራል። ስሙ በዐረብኛ ድልድይ ማለት ሲሆን፣ ዐረቦች ከተማይቱን በገዙበት ዘመን የተተከለ ነው። ከድልድዩ ሽቅብ ሲወጣ ሶኮዶቬር የተባለውን አደባባይ ያገኛል፤ ይህም ስም የከብት ገበያ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። ትንሽ እልፍ ብሎ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1226 የተጀመረው ካቴድራል አለ፤ ሠዓሊው ኤል ግሬኮ ከ1577 እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረውም በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። በመጨረሻም እንግዳው በምዕራብ በኩል በቅዱስ ማርቲን ድልድይ ይወጣል። ድልድይ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። የአውሮፓ ጥንታዊ የወንዝ ዳር ከተማ ለጎብኚ የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንዙ የታሪኩን ዕቃ ሁሉ አንድ ቤት አግብቶለታል።

ጎጃምን በካርታ ላይ ለሚያይ ሰው የቶሌዶ መልክ ይታየዋል። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈስና ጣና ይገባል። በባሕር ዳር በኩል ከሐይቁ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ እየዞረ አገሩን እንደ መቀነት ይታጠቀዋል። ታጉስ ለአንዲት ከተማ ያደረገውን ዓባይ ለአንድ ሙሉ አገር አድርጎታል። ይሁን እንጂ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ ቁይም ጭምር፣ አንዳቸውም የዓባይን ውኃ ከደጃፋቸው አይቀዱም። ሁሉም ወደ ደጋው ሸሽተው፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ይህን ያየ ብዙ ሰው የጎጃም ሕዝብ በዓባይ መጠቀም አላወቀበትም፣ ከተማ መሥራትም አልቻለበትም ብሎ ይደመድማል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። የጎጃም ከተሞች ከወንዙ የራቁት በስንፍናም ባለማወቅም አይደለም። ወንዙ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ግንብ ስለሆነ፣ ቶሌዶ በአንድ ኮረብታ ላይ የሰበሰበቻቸውን ሦስት ነገሮች ጎጃም በተለያየ ቦታ አስቀመጠ፦ ቤተ ክርስቲያኑንና መንበሩን በደጋው እምብርት፣ ገበያውን በደጋው ጫፍ፣ ድልድዩን በበረሃው ሥር። ታሪኩ የሚነበበውም ሦስቱ ሲጋጠሙ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ መሬቱ ራሱ ነው። ከቶሌዶ ግንብ እስከ ታጉስ ውኃ ያለው ቁልቁለት መቶ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሴት ልጅ እንስራዋን ይዛ ወርዳ ትመለሳለች። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የዓባይ ሸለቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ይዘልቃል። ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ ወንዙ ዳር ለመድረስ ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከገብስና ከጤፍ ማሳ ወደ ግራር ዱር መውረድ ነው። በረሃው የወባ አገር ስለሆነ መንገደኛ እዚያ ማደርን ይፈራ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያውን ይዘጋል፤ በበጋም ቢሆን በዐለት መካከል እየተወረወረ ስለሚሄድ ጀልባ አያስኬድም። በአውሮፓ ወንዝ እህልና ጨርቅ፣ እንጨትና ድንጋይ ተሸክሞ ከከተማ ወደ ከተማ ያደርስ ነበር። ዓባይ የተሸከመው የደጋውን አፈር ብቻ ነው። በሌላ በኩል የጎጃም ሰው ወንዝ ዳር የሚያስወርድ የውኃ ችግር አልነበረበትም። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋንና ሌሎችንም ብዙ ወንዞች ያፈልቃል። በጮቄ ምሥራቃዊ ተዳፋት ላለ ሰው፣ ለቁይም ቢሆን፣ ውኃ ሩቅ አይደለም፤ ሩቁ ዓባይ ነው። ሕዝቡ የሰፈረው ወንዙ ከሚያልፍበት ሳይሆን ወንዙ ከሚወለድበት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ገበያው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ የንግድ በር ባሶ ነበር፤ ስሙ ዛሬም በባሶ ሊበን ወረዳ ይጠራል። ከዓባይ ማዶ፣ በጉዱሩ፣ አሰንዳቦ የሚባል ሌላ ትልቅ ገበያ ነበር። ከእናርያና ከከፋ አቅጣጫ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ እየተነዳ ይሸጥ ነበር፤ የዚህን ንግድ ታሪክ ያንን ግፍ ትቶ መተረክ አይገባም። ለክርክራችን የሚጠቅመው የሁለቱ ገበያዎች አቀማመጥ ነው። ወንዙን መካከል አድርገው ትይዩ ቢሆኑም አንዱም ወደ ውኃው አልወረደም። ሲራራ ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል ይጠብቅና በረሃውን በጥድፊያ አቋርጦ፣ አጋሰሱን የሚያሳርፈውና ዕቃውን የሚፈታው ከማዶ ደጋ ከወጣ በኋላ ነው። ዳኑብ በመካከላቸው የሚያልፍባቸው ቡዳና ፔስት እ.ኤ.አ. በ1849 በተከፈተው የሰንሰለት ድልድይ ተገናኝተው በ1873 አንድ ከተማ ሆነዋል። ባሶና አሰንዳቦም ገበያቸው አንድ ነበር። አንድ ከተማ እንዳይሆኑ ያደረጋቸው በመካከላቸው ያለው የአንድ ወንዝ ስፋት ሳይሆን የሁለት ገደል ጥልቀት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ የአገዛዙ ታሪክ ነው። ደብረ ማርቆስ በመጀመሪያ ስሟ መንቆረር ትባል ነበር፤ ቆርቋሪዋ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እንደሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1853 እንደሆነ ይነገራል። ተድላ ጓሉ ለአፄ ቴዎድሮስ አልገብርም ብለው ለዓመታት የቆዩት በተራራውና በወንዙ ተከልለው ነው። ከእሳቸው በኋላ ራስ አዳል ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1881 ከአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማይቱም ስሟን ከደብሩ ወሰደች። በዓመቱ እኒሁ ንጉሥ ዓባይን ተሻግረው ከምኒልክ ጦር ጋር እምባቦ ላይ ገጠሙ፤ ድል ሆነው ተማረኩ። ለጎጃም መኳንንት ዓባይ የአጥር ያህል ነበር፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለ ይጠበቃል፣ ከአጥሩ የወጣ በጦር ዕድል ይወድቃል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች በቢቸና በኩል ባለው የዓባይ በረሃ የተዋጉት ይህንኑ ጠባቂነት አውቀው ነው። አጥር ላይ ደግሞ ማንም ቤት አይሠራም። መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ስማቸው በትምህርትና በቅኔ የሚነሣው ደብሮች ሁሉ በደጋው ላይ የተተከሉት፣ ከተሞቹም በእነሱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ትልቅ መቃወሚያ አለ፦ መሬቱ አስቸጋሪ ቢሆንም እንኳ ዕውቀት ቢኖር ድልድይ ተሠርቶ፣ ድልድዩም ከተማ ይወልድ ነበር የሚል። መልሱ በወንዙ ላይ ቆሞ ይታያል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1626፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ ተሠርቷል፤ በሥራው ከህንድ የመጣ ግንበኛ እንደነበረበት በጊዜው የነበሩ ኢየሱሳውያን ጽፈዋል። ከእሱ በታች፣ ሞጣን ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘው ሁለተኛው የድንጋይ ድልድይ የአፄ ፋሲለደስ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። በፓሪስ ከቆሙት ድልድዮች ሁሉ የሚያረጀው ፖንት ነፍ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1607 መሆኑን ስናስብ፣ አላታ ከእሱ የሚያንሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። የጎደለው ግንበኛና ኖራ አልነበረም። ሌላ አገር ማየትም አልጎደለም፦ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1924 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ ፓሪስን በሴን፣ ሎንዶንን በቴምዝ ዳር አይተዋል። ሁለቱ የዓባይ ድልድዮች ከተማ ያልወለዱት የተሠሩበት ቦታ ወንዙ ጠቦ ድንጋይ ለድንጋይ የሚቀራረብበት ስለሆነ ነው። ለመሻገር የተመቸው ቦታ ለመኖር አይመችም። በቶሌዶ ግን ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል።

የሞጣው ድልድይ ታሪክ ከዚህም በላይ ይናገራል። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል የሁለቱ ወገን ሰው በተሰበረው ላይ ገመድ እየወረወረ፣ አንዱ ሌላውን በገመድ እየጎተተ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የአሜሪካ በጎ አድራጊ ቡድንና በአካባቢው ሰው ጉልበት ተጠገነ፤ ብዙም ሳይቆይ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ያለ የገመድ ድልድይ ተዘረጋ። ከተማ የሌለው ድልድይ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሕይወቱን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ የሚሻገርበትን ድልድይ ከከተማ ድልድይ አሳንሶ ማየት አይቻልም። ገበያተኛው፣ ሙሽራው፣ ታማሚው፣ ለቅሶ ደራሹ ገደሉን የወረደው ከማዶ ዘመድ ስላለው ነው። በበረሃ መካከል የቆመው የድንጋይ ቅስት ዓባይ መሬቱን እንጂ ሕዝቡን እንዳልለየው ምስክር ነው።

ሌላው መቃወሚያ ባሕር ዳር ናት። ዓባይ ዳር የተቀመጠች፣ ዛሬ የክልሉ ዋና ከተማ የሆነች፣ ያማረች ከተማ እያለች ጎጃም የወንዝ ዳር ከተማ የለውም እንዴት ይባላል? ባሕር ዳር ግን ክርክሩን ታጠናክራለች እንጂ አታፈርስም። ዓባይ በእሷ በኩል ሲያልፍ ከጣና መውጣቱ ነው፤ ገና ሸለቆ አልቆፈረም፤ ውኃው ከደጁ ሜዳ ጋር እኩል ነው። ጣናም ከዓባይ በተለየ ታንኳ የሚያስኬድ፣ ገዳማትንና ገበያዎችን የሚያገናኝ መንገድ ነው። ወንዙ ግንብ ባልሆነበት በዚህ ቦታ ከተማው ወንዙን አልሸሸም። እንዲያም ሆኖ ባሕር ዳር ለብዙ ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰፈረች ትንሽ መንደር ነበረች። ትልቅ ከተማ ያደረጋት የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ የተከፈቱት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ፖሊ ቴክኒክ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ ወንዙን የከተማዋ መካከል ሊያደርገው ተነሥቷል።

እንግዲህ ደጋው ላይ ያሉት ከተሞች ምን ይማሩ? አንዳንድ ሰው ታሪክ ለማስጎብኘት የአውሮፓን የወንዝ ዳር መዝናኛ መኮረጅ ይበጃል ይላል። ይህ ምክር የቦታውን ታሪክ ይዘነጋል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ከ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን ያገናኛል፤ ነጋዴው በፍርሃት ያቋርጠው የነበረው በረሃ ዛሬ በመኪና ይታለፋል። መንገዱ ሲያጥር ሦስቱን ለየብቻ የኖሩ ነገሮች አጋጥሞ ማሳየት ይቻላል፦ የደብሩን ግቢ፣ የባሶን ገበያ ቦታ፣ የአላታንና የሰባራ ድልድይን ድንጋይ። ይህ እንዲሆን ግን ድልድዮቹ እንደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ቅርስ ተብለው መጠበቅ፣ ኖራቸው መታደስ፣ ገበያው የነበረበትም ቦታ መታወቅ አለበት። አሁን የምንጠነቀቀው በደጋው ላይ ላለው ነው፤ በረሃ ውስጥ ያለው እንደ ባዕድ ቀርቷል። የቀድሞ ሰዎች ለወንዙ ጀርባቸውን የሰጡበት ምክንያት ነበራቸው፤ እኛ ግን ለድልድዮቹ ጀርባችንን የምንሰጥበት ምክንያት የለንም።

ቶሌዶን የጎበኘ ሰው ከተማይቱን ሙሉ ሆና የሚያያት ውስጧ እያለ አይደለም። ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ኮረብታ ላይ ሲቆም ነው ግንቡ፣ ካቴድራሉና ድልድዩ በአንድ ዐይን የሚገቡት። ጎጃምም እንዲሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ቁይ ላይ የቆመ ሰው ሰፊ ሜዳ፣ ማሳና ተራራ ያያል እንጂ በወንዝ የተከበበ አገር ላይ መሆኑን አያስተውልም። ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ሲመለከት ግን የደጀን ገደል እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ፣ ከላዩ ደጋው ተዘርግቶ፣ ከሥሩ ድልድዩ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አጥሩም፣ በሩም፣ ቤቱም እዚያው አሉ።