ዜብራ፦ በካሬ የሚሸጠው መጋረጃ

ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው መጋረጃ ሲያማርጥ «ዜብራ ይሁንልኝ» ካለ የመንገድ ማቋረጫውን ማለቱ አይደለም። ዜብራ በአግድም መስመሮች የተከፋፈለ የመስኮት መጋረጃ ነው፤ አንዱ መስመር ድፍን፣ ቀጣዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ። ጨርቁ ታች ባለው ዘንግ ዞሮ ወደ ላይ ስለሚመለስ መስኮቱን የሚሸፍነው በድርቡ ነው። ከጎን የተንጠለጠለውን ዶቃ መሳይ ሰንሰለት ሲስቡት ድርቦቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ስሱ ከስሱ ሲገጥም ደጁ ይታያል፤ ድፍኑ ስሱ ላይ ሲመጣ ቤቱ ይደበዝዛል። እስከ መጨረሻው ከተሳበ ላይ ባለው ቱቦ ይጠቀለላል። ደቡብ ኮሪያውያን «ኮምቢ» ይሉታል። በአማርኛ «ባለመስመር ጥቅል መጋረጃ» ማለት ይቻላል፤ ገበያ ወጥቶ «የሜዳ አህያ መጋረጃ አላችሁ?» የሚል ግን ሻጩን ማሳቁ አይቀርም።

ዋጋው የሚነገረው በካሬ ነው፤ ገዥ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ወርዱ 1.5፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ መስኮት 1.8 ካሬ ነው። መጋረጃው ግን ብርሃን በጠርዝ እንዳይሾልክ በየጎኑ፣ ከላይና ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ይጨመርለትና 1.7 በ1.4፣ ማለትም 2.38 ካሬ ይሆናል። ካሬው 1,000 ብር ነው እንበል። ቤት ሆነው 1,800 ብር ያሰቡት ሰው 2,380 ይጠየቃሉ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 2,737 ብር ይደርሳል። የመታጠቢያ ቤቷ ትንሽ መስኮት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት፤ ከ1 ካሬ በታች የሆነውን ሁሉ እንደ ሙሉ ካሬ የሚያስከፍል ሻጭ ካጋጠመ፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ለሆነች መስኮት የራሷን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይከፈላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው «ትንሹ ልክ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ቱቦው፣ የላይኛው ሽፋንና የገጣሚው ጉልበት በካሬው ዋጋ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውም አብሮ ይጠየቅ።

ጨርቁ ፖሊስተር ነው፤ ከውጭ በዶላር ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ላለ ገዥ ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ አቋርጦ የሚመጣበት የጭነት ዋጋ አለ።

ታዲያ መስኮት ሁሉ ዜብራ ይልበስ? እኔ አይመስለኝም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ግን በሁሉም መስኮት እኩል አትገባም። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው፤ ሐይቁን የሚያይ መስኮት ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ብታዘነብልም ከአናት ብዙ ስለማትርቅ ጣሪያውን እንጂ ሳሎኑን አትመታም። ለዚህ መስኮት ስስ መጋረጃ ይበቃዋል፤ የሐይቁን እይታ በመስመር መከታተፍም ያሳዝናል። የሚያስቸግረው ወደ ምዕራብ የዞረው ነው። በመጋቢት ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፤ ሶፋው ይነጣል፣ ቴሌቪዥኑ አይታይም። ዜብራ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ ነጸብራቁን ቆርጦ ብርሃኑን ያስቀራል።

ለመኝታ ቤት ግን አይመከርም። ድፍኑ መስመር ቢገጥምም በመጋጠሚያዎቹና በጠርዙ ብርሃን ይሾልካል፤ በዚያው ብር ልብስ ሰፊ ጋ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ማሰፋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ መስኮቱ ክፍት ከሆነም የታችኛው ዘንግ ግድግዳውን ሲደበድብ ይውላል፤ ጎንና ጎኑን የሚይዝ መያዣ መጠየቅ ነው። ጨርቁ ተነቅሎ አይዘፈዘፍም፤ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይራገፋል፣ እድፉ በእርጥብ ይጠረጋል።

ሕፃን ያለበት ቤት ሰንሰለቱ እንደ ቀለበት ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ሕፃናትን የገደለባቸው አገሮች አሉ። ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ሰንሰለቱን ወጥሮ ግድግዳው ላይ የሚይዘውን ፕላስቲክ ያሳስሩት።