የእሳት እገዳ ባለበት ጫካ የጋዝ ምድጃ መጠቀም ይቻላል?

በአሜሪካ የምትኖሩ ቤተሰቦቻችን፣ ሰመር ላይ ድንኳን ይዛችሁ ጫካ የምትወጡ ከሆነ ማወቅ ያለባችሁን አሰባስበናል።

በብሔራዊ ደኖች የእሳት እገዳ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ይወጣል።

👉 ደረጃ 1፦ እንጨትና ከሰል ማንደድ የሚቻለው ለካምፕ በተዘጋጁ ቦታዎች ብቻ ነው።

👉 ደረጃ 2፦ እዚያም ይከለከላል። ከሰል አቀጣጥሎ ጀበና መጣድም አይቻልም።

በሁለቱም ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው መክፈቻና መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። ምክንያቱም ስትዘጉት እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። መዝጊያ የሌለው የአልኮል ምድጃ እና በጭራሮ የሚነደው ግን እንዲህ ቶሎ ስለማይጠፉ በብዛት ይከለከላሉ።

👉 ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ፣ ከተዘጋጀ ካምፕ ውጪ ለጋዝ ምድጃም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ነፃ ነው፤ ኦንላይን ይወጣል።

ተፈቀደ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቺሊው ቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክ የአንድ ጎብኚ የጋዝ ምድጃ በመገልበጡ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ተቃጥሏል።

ስለዚህ፦
• ሣርና ቅጠል የሌለበት ደልዳላ መሬት ምረጡ
• ንፋስ ካለ አትለኩሱ
• ውሃ አጠገባችሁ አድርጉ
• እየነደደ ጥላችሁት አትሂዱ

በብሔራዊ ደን እገዳውን መጣስ እስከ 5,000 ዶላር እና እስከ 6 ወር እስር ሊያስቀጣ ይችላል።

ትዕዛዙ ከደን ደን ይለያያል። ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ደን ድረ ገጽ አይታችሁ ስክሪንሾት ያዙ፤ እዛ ስትደርሱ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።