ማደሪያ ያለው ጎርፍ

ነሐሴ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጥተን ወደ ቆላው በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ስንጓዝ፣ ሾፌሩ ከአንዲት የሮቢ ገባር መሻገሪያ አጠገብ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ወንዟ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ናት፤ በመሀሏ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ ይወርዳል። ሰማዩም በእኛ በኩል ጥርት ያለ ነው። ሾፌሩ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ወደ ደብረ ሲና ተራሮች አንጋጦ ካየ በኋላ «መጥቷል» አለ። ተራሮቹ ጥቁር ደመና ለብሰዋል።

ጥቂት ቆይቶ ሁላችንም ሰማነው። ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ዳገት ሲወጡ የሚያሰሙት ዓይነት ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ቀይ ቡናማ ውሃ ግንድና ቅጠል፣ የማሽላ አገዳና የሞተ ፍየል ሳይቀር ተሸክሞ እየተንከባለለ መጣና መሻገሪያውን ዋጠው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ወጣት መምህር አፈሩን እያየ ከንፈሩን መጠጠና «ይኸ ሁሉ ሀብት እኮ ባሕር ሊገባ ነው» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሽርጥ ያገለደሙና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ግን ዘወር ብለው አዩን።

«የምን ባሕር?» አሉ። «ይኸ አፋር ነው የሚሄደው።»

አፈርሁ። የማፍርበትም ምክንያት ነበረኝ። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ ተማሪ ቤት ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄ ጽፌአለሁ፤ ማርክም አግኝቼበታለሁ። ወንዙ ዳር ስቆም ግን ያ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ «ባሕር» በሚለው ቃል ተስማማሁ። ለመሆኑ ይኸን ቃል ከየት አመጣነው? ከዓባይ ይመስለኛል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን ስላደግን ጎርፍ ባየን ቁጥር ግንዱን እየገፋ አገር ጥሎ የሚሄድ ይመስለናል። የሮቢ ጎርፍ ግን ግንድ ቢይዝም ማደሪያ አለው። እስቲ እንከተለው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ሁሉ ጣርማበርን ያውቀዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ያወጡትን ዋሻ ሲያቋርጡ ጆሮ ይደፈናል፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ዋሻውን እንደወጡ ደግሞ ምድር ከእግር ሥር ተንዳ የሄደች ይመስል ቆላው ቁልቁል ይዘረጋል። ተሳፋሪው ገደሉን ሲያይ ልብ የማይለው ነገር ቢኖር ይኸ ተራራ የዝናብ ድንበር መሆኑን ነው። ከተራራው በስተ ምዕራብ የዘነበው ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል። ይዘልቅ ነበር ማለት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ የክረምቱ ጎርፍ እንደ ጎርፍ ሆኖ ከባሕር አይደርስም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የእኛም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ዓባይም በስተርጅናው ማደሪያ አገኘ ማለት ነው፤ ተረቱን ማን እንደሚያርመው እንጃ።

በስተ ምሥራቅ የዘነበው ዕጣው ሌላ ነው። ከጣርማበርና ከደብረ ሲና ገደሎች የሚነሣው ውሃ፣ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1280 ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ርቀት ውስጥ ነው። እንዲህ ቁልቁል የተለቀቀ ውሃ ድንጋይ ማንከባለሉ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሜዳ ሲደርስ የሚሆነው ነው። ተዳፋቱ ሲያበቃ ጉልበቱም ያበቃል፤ መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደለሉን እያራገፈ ይሄዳል። የራሱን መንገድ በራሱ ሸክም ይደፍናልና በየጊዜው አቅጣጫ ይለውጣል። ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ አሸዋ፣ ትናንት አሸዋ የነበረው ከዓመታት በኋላ ማሳ ይሆናል። ከውሃውም የተወሰነው በጠጠሩ መሀል ሰርጎ መሬት ውስጥ ይቀራል። በየማሳው በበጋ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት የሚያጠጣው የጉድጓድ ውሃ ካለፈው ክረምት ጎርፍ ጋር ዝምድና አለው። የይፋት ቆላ ማሽላው፣ ጤፉና ማሾው፣ ለሲጋራ ፋብሪካ ይለማ የነበረው የሮቢት ትንባሆም ጭምር፣ የበቀለው ጎርፍ ባራገፈው አፈር ላይ ነው። መምህሩ «ሊሄድ ነው» ብሎ ያዘነለት አፈር፣ እኛ የቆምንበትም ራሱ፣ ከደጋ የመጣ ነበር።

ሮቢ ብቻውን አይደለም። ከእሱ በስተ ደቡብ ከሰምና ከበና፣ በስተ ሰሜን ጀውሃ፣ አጣዬና ቦርከና፣ ከዚያም ሚሌና ሎጊያ ሁሉም ከዚያው ከገደሉ ግንብ እየወረዱ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞራሉ። ቦርከና ጥቂት ይሰንፋል፤ ከከሚሴ ግድም በጨፋ ረግረግ ተኝቶ ያርፍና ነው የሚቀጥለው። ሮቢ ስሙን ሳይቀር ይዞ ወደ አፋር ይዘልቃል፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የአፋር ወረዳ ሰሙ ሮቢ ገለአሎ ይባላል። በአፋርኛ «ሮብ» ዝናብ ነው፤ በኦሮምኛም «ሮባ» ዝናብ ነው። ሁሉም ወንዞች የሚገናኙት በአዋሽ ነው። አዋሽን የቆቃ ግድብ ከላይ ይዞታልና ጎርፉ ተገራ የሚሉ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ግድብ የሚይዘው ግን ከበላዩ የመጣውን ብቻ ነው። እነዚህ ወንዞች የሚገቡት ከቆቃ በታች ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲያፈናቅል፣ የሸዋና የወሎ ገደላ ገደል ዝናብም የበኩሉን አዋጥቷል።

ነጋዴው ግን ባሕር ይደርስ ነበር። ይኸ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የተነሡት የወላስማ ሱልጣኖች ይፋትን መናገሻቸው ሲያደርጉ የሀብታቸው ምንጭ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የንግድ መንገድ ነበር። ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 ሰብረዲንን የወጉትም ለእምነት ብቻ አልነበረም፤ መንገዱም ነገር ነበረበት። የፈረንሳይ አርኪዎሎጂስቶች በቅርብ ዓመታት ያጠኗቸውን የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ፣ የመስጊዶቹንም የድንጋይ ግድግዳ፣ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እንደ ኖራ ያሉት ከተሞች የተሠሩት ወንዝ ዳር ሳይሆን ከሜዳው ከፍ ባሉ ጉብታዎች ላይ ነው። ሰዎቹ ጎርፉንም ወባውንም ያውቁ ነበር። ከዘመናት በኋላም የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዶች በዚሁ በይፋት በር ነው የገቡት። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ሻለቃ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በፋሬ ኬላ በኩል ወደ አንኮበር ወጣ። እንግዲህ ሰውና ግመል በሳምንታት የሚጨርሱትን መንገድ ወንዙ በሺህ ዓመትም አልጨረሰውም። ለምን?

ይኸ ጥያቄ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ያንገበግበው ነበር። ዊልፍረድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። አዋሽን ያህል ወንዝ የት እንደሚገባ በሚገባ የተረጋገጠ ነገር አለመኖሩ እንቅልፍ ስለነሣው በሃያ ሦስት ዓመቱ ግመል ጭኖ ወንዙን ተከተለ። አውሳ መድረስ ቀላል አልነበረም፤ ሙንዚንገር የተባለው የግብጽ ኬዲቭ ሹም እ.ኤ.አ. በ1875 ከነሠራዊቱ ያለቀው እዚያው ነው። ቴሲጀር ግን ሱልጣን መሐመድ ያዮን ሌሊት በጫካ መሀል ተገናኝቶ ፈቃድ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ ሲያልቅ በዓይኑ አየና ወደ ታጁራ ወጣ። ለአፋሮች አዲስ ነገር አልነበረም። እንደኔው ሽማግሌ «የምን ባሕር?» ብለውት ይሆናል።

መልሱ ይኸ ነው። አዋሽ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በገዋኔ ረግረግ ይተኛል፣ በአውሳ ሜዳ ደለሉን ያራግፋል፣ ገማሪንና አፋምቦን የመሳሰሉትን ሐይቆች ይሞላል፣ የተረፈችውን ወደ አቤ ይልካል። ከአቤ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መውጫ ግን የለም፤ ፀሐይዋ ደግሞ የምትጠጣው ዝናብ ከሚያወርደው እጅግ ይበልጣል። አሳይታ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በጣርማበር የዘነበው ውሃ እዚያ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ጨዉ ይቀራል።

እንግዲህ ይኸ ወንዝ የሚጥለው የለውም። የሚባክን የሚመስለን ሁሉ ከሆነ ሰው ደጅ ይደርሳል። የአዳሉ መንግሥት መናገሻውን እ.ኤ.አ. በ1577 ከሐረር ወደ አውሳ ሲያዛውር በረሃ መሀል እህልና ሣር የሚገኝበት ቦታ በመኖሩ ነው፤ ያን ቦታ የሠራው ጎርፍ ነው። አፋር በክረምት ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይበተናል፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጎርፉ ያበቀለው ሣር ወዳለበት ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያ መመለሻ እየጠበበ ሄደ። ቆቃ ጎርፉን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆና በመካከለኛው አዋሽ ለጥጥ እርሻ የተመረጠው መሬት የበጋው ግጦሽ ነበር። በወረቀት ላይ መሬቱ ባዶ ነበር፤ መሐንዲሶቹ የመጡት ከብቱ ሜዳ ላይ ሳለ ይሆን እላለሁ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ አፋር የሚጠጋበት አጣ፤ ከብቱም ሰዉም አለቀ። ስለ ወሎ ረኀብ ሲነገር የሚታወሰው ደጋው ነው፤ በአዋሽ ዳር ያለቀው ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ተንዳሆም ከሰምም ተገድበዋል፤ አቤም በእጅጉ ሸሽቶ ዳርቻው ነጭ ጨው ሆኗል። ጎርፉ ደግሞ ዛሬ የሚያደርሰው ሣር ብቻ አይደለም፤ አፋሮች «ዳርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉትን እሾሃም መጤ ዛፍ ዘርም ተሸክሞ በየዳርቻው ይዘራዋል።

ወደ መሻገሪያው ልመለስ። ሽማግሌው ለካ በመንደራቸው የውሃ አባት ናቸው። በድንጋይና በጭራሮ ጎርፍ እየጠለፉ በየተራ ወደ ማሳ ያስገባሉ፤ ተራ የጣሰውን ይዳኛሉ። እኔም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ዕውቀት ላሳይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ሁሉንም እዚሁ ጠልፋችሁ ብታስቀሩትስ?»

«ይኸን ማን ይችለዋል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ገታ አድርገው ደግሞ «ቢቻልስ ልጄ፣ ሣሩ እነሱ ዘንድ ካልበቀለ ከብታቸውን ወዴት ይነዱታል?» አሉኝና በከዘራቸው ከመንገዱ በላይ ያለውን የማሽላ ማሳ አሳዩኝ። «እዚህ ነዋ! እንኳን ቀርቶበት፣ ዝናብ ባጠረ ዓመትም እንጣላለን።»

መምህሩ ዝም አለ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ሾፌሩ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና በዱላ ጥልቀቱን ለካ። ከጉልበቱ በታች ሆኗል። በዚያ ማዶ ሁለት የአፋር ወጣቶች ስድስት ግመሎች ይዘው ቆመው ይጠብቁ ነበርና ከእኛ ቀድመው ተሻገሩ፤ ወደ ሮቢት ገበያ ነው የሚሄዱት። ሽማግሌው በአፋርኛ ጠሯቸውና ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከሰላምታው መሀል እኔ የለየሁት «ሮብ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣና ክላክሱን ነፋ።