ዋተርሉ ብሪጅ (ፊልም)

ዋተርሉ ብሪጅ መርቪን ለሮይ በ1940 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የአሜሪካ የፍቅር ድራማ ፊልም ነው፤ መነሻው የሮበርት ሸርዉድ የ1930 ተውኔት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ውስጥ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የባሌ ዳንሰኛዋ ማይራ (ቪቪየን ሊ) እና መኮንኑ ሮይ (ሮበርት ቴይለር) በዋተርሉ ድልድይ ላይ ይተዋወቃሉ። ሮይ ይዘምታል። ከሥራ የተባረረችው ማይራ ስሙን ጋዜጣ ላይ ከሟቾች ዝርዝር ታነባለች፤ ችግሩም ሴተኛ አዳሪነት ውስጥ ይከታታል። ሮይ ግን በሕይወት ይመለሳል።

በፊልሙ ጎልቶ የሚወጣው ንግግር አልባው ትዕይንት ነው፦ ሙዚቀኞቹ ሻማቸውን በየተራ ሲያጠፉ ጥንዶቹ እየጨለመ በሚሄደው አዳራሽ ይደንሳሉ። ጄምስ ዌል ከዚሁ ተውኔት በ1931 የሠራው የቀድሞው ፊልም የማይራን ኑሮ ከመነሻው በግልጽ ያሳያል፤ የ1940ው፣ የሆሊውድ ሳንሱር በጠበቀበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ፣ በጥቆማ ያልፈዋል።