ግማሽ ቤት፦ በሕይወት ያለች ሚስት በውርስ ሕጋችን ውስጥ

ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መስመር ከሚያበቃበት ፌርማታ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ አረፉ እንበል። ቤቱን የሠሩት በትዳር ዘመናቸው ነው፤ ካርታው ግን በእሳቸው ስም ብቻ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፣ አንዷ ውጭ አገር ናት። ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ልጆቹ እናታቸውን ከበው «እማዬ፣ አንቺ እያለሽ ቤቱን ማን ይነካዋል?» ይላሉ። ከልባቸው ነው። ይህ ቃል ግን በፍርድ ቤት አያስገድድም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟች ካልተናዘዘ ውርሱን በመጀመሪያ ለልጆች ይሰጣል (ቁ. 842)። ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆች፣ ከዚያም ወደ ራቅ ያሉ ዘመዶች፣ ማንም ካልተገኘ እስከ መንግሥት ድረስ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ባል ወይም ሚስት የሉም። ሚስት የምታገኘው የጋራ ሀብቱን ግማሽ ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ የራሷ የነበረ እንጂ ውርስ አይደለም። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ የሟች የግል ሀብት ከሆነማ ግማሹም የላትም። ዘግይተው ሁለተኛ ትዳር የመሠረቱ አረጋውያን ላይ የሚደርሰው ይህኛው ነው።

ለሃምሳ አለቃው ቤት ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለእናት ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስድስተኛ። ችግሩ ግማሽ ቤት ውስጥ መኖር አለመቻሉ ነው። ከሦስቱ አንዱ ችግር ገጥሞት ድርሻዬ ይለይልኝ ቢል የመከልከል ሥልጣን ያለው የለም፤ በዓይነት የማይከፈል ቤት ደግሞ ይሸጣል። እናት የገንዘቡን ግማሽ ይዛ በሰባ ዓመቷ ኪራይ ቤት ትፈልጋለች።

ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አገራቸው ከእ.ኤ.አ. 1891 ጀምሮ በሕይወት ላለው የትዳር ጓደኛ በሟች ሀብት ላይ የአላባ መብት (ባለቤት ሳይሆኑ የመጠቀም መብት) ትሰጥ ነበር፤ በ2001 ደግሞ መብቱን አሰፋችው። የእኛ ሕግ ይህን አልያዘም፤ ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው። የጡረታ ሕጋችን እንኳ ይሻላል፦ ለሟች የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ ይመድባል። በሞት ምክንያት የሚከፈል ጡረታም የውርሱ ክፍል ስለማይሆን (ቁ. 828) ልጆች ሊካፈሉት አይችሉም።

እንግዲህ የሚቀረው ኑዛዜ ነው። ስለ ኑዛዜ ማንሳት በብዙ ቤት «አታሟርቱ» ያሰኛል፤ ስለዚህ ነገሩ እስከ ሞት አልጋ ይቆያል። በዚያ ሰዓት የሚነገረው ቃል ክብደት ያለው ይመስለናል፣ በተለይ የንስሐ አባት በሰሙት ጊዜ። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክር ፊት ቢደረግም ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪነትና ሞግዚትነት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ፈቅዶታል (ቁ. 893)። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ በዚያ ወሰን ቤት ቀርቶ የቤት ዕቃ እንኳ አይተላለፍም።

በግልጽ የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት (ቁ. 881)። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተዘነጋች፣ ተናዛዡ ያሉት የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ አረጋዊን ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ማድረስ የሚክሰውም በዚህ ነው።

ይዘቱስ? «ቤቱን ለሚስቴ» ብሎ መጻፍ ልጆችን በዝምታ መንቀል ሆኖ ክርክር ይወልዳል፤ ልጅ የሚነቀለው በግልጽና ምክንያቱ ተጠቅሶ ነውና። ይልቅ ባለቤትነቱን ለልጆች ትቶ ለሚስት ዕድሜ ልክ የአላባ መብት ወይም በቤቱ የመኖር መብት መስጠት ይቻላል። እሷ ትኖርበታለች፣ ብትፈልግ ሰርቪሱን ታከራያለች፤ ልጆቹም ድርሻቸውን አያጡም። ሕጉ ይህን መሣሪያ ከቁ. 1309 ጀምሮ አዘጋጅቶ ሳለ በኑዛዜዎቻችን ውስጥ እምብዛም የማይታየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ውጭ አገር ያለችው ልጅ ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ሌላ መንገድ ነው፦ «አባዬ፣ ውክልና ስጠኝ» ትልና ወረቀቱን በጊዜ ታሠራለች። ጠቅላላ ውክልና ግን ቤት አያሸጥም፣ ለዚያ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ያበቃል። እናት የመርሳት ሕመም ቢይዛትና ንብረቷን የሚያስተዳድርላት ቢያስፈልግ ልጆች ፍርድ ቤት ቆመው እናታቸው ንብረቷን ከማስተዳደር በፍርድ እንድትከለከል መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ክልከላው ከተወሰነ በኋላ ደግሞ እሷ ራሷ መናዘዝ አትችልም።