አምስት ሺህ ቶን መድኃኒት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1988 ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ41 ላይ ሰሜናዊ አርመን ተንቀጠቀጠች። ስፒታክ ከተማ ፈራረሰች፤ 25,000 ያህል ሰው አለቀ። ሶቪየት ኅብረት ከወትሮዋ በተለየ በሯን ለምዕራባውያን ርዳታ ከፈተች። ቢያንስ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃም ጎረፈ።

ጣጣው የመጣው ካርቶኑ ሲከፈት ነው። ከመድኃኒቱ 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል፤ 4 በመቶውን ውርጭ አበላሽቶታል። ከቀረው ውስጥ ምንነቱ በቀላሉ የተለየው 30 በመቶው፣ ለድንገተኛ አደጋ የሚሆነው ደግሞ 42 በመቶው ብቻ ነበር። አብዛኛው የያዘው የንግድ ስሙን እንጂ የመድኃኒቱን ስም አይደለም። ተራው ፓራሲታሞል እንኳ ለንደን ላይ ፓናዶል፣ ፓሪስ ላይ ዶሊፕራን፣ ሮም ላይ ታኪፒሪና ይባላል፤ ለስሞቹ እንግዳ የሆነ ፋርማሲስት ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ቢመስሉት አይፈረድበትም። የገባው ምን እንደሆነ አጥርቶ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ለፉ። ከፍርስራሽ የወጣ ቁስለኛ ስድስት ወር አይጠብቅም።

ለእኛ የሚቀርበው የኤርትራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989፣ የነፃነቱ ጦርነት ሳያበቃ፣ ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን ደረሰ። አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ፤ እዚያም ስድስት ወር! በደም ሥር የሚሰጥ አሚኖ አሲድ የያዙ 30,000 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙሶችም ቀናቸው አልፎ ነበር፤ ከሽታቸው የተነሣ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ማስወገድ አልተቻለም።

በቦስኒያ ጦርነት ጊዜና ማግስት የተከማቸው የማይረባ መድኃኒት 17,000 ቶን ተገመተ፤ ማስወገጃው ደግሞ 34 ሚሊዮን ዶላር። ይህን ሁሉ የየዋህ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሀብታም አገር ውስጥ አሮጌ መድኃኒት ማቃጠል ገንዘብ ያስወጣል፤ መለገስ ግን ግብር ሊያስቀንስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 መመሪያ አወጣ፦ ተቀባዩ ያልጠየቀው አይላክ፤ መድኃኒቱ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው፤ ስሙ ተቀባዩ በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ፤ ለለጋሹ አገር ሕመምተኛ የማይመጥን ለሌላውም አይሰጥ። መመሪያው ግን አስገዳጅ ሕግ አልነበረም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ሱናሚ አቼን መታ። ለዚህች የኢንዶኔዥያ ግዛት ሕዝብ 4,000 ቶን መድኃኒት መጣ። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው ከአገሪቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውጪ ነበር፤ 70 በመቶው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ።