ሐራጅ (የሪያድ ያገለገለ ዕቃ ገበያ)

ሐራጅ በዐረቢያ ልማደ ሀገር ያገለገለ ዕቃ በአደባባይ፣ በጨረታ ድምፅ የሚሸጥበት ገበያ ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ ግን ቃሉ ከጨረታው አልፎ የአሮጌ ዕቃ ሰፈሩን ራሱን፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህም በእጅ ስልክ የሚሠራውን የማስታወቂያ ገበያ ጭምር የሚጠራ ስም ሆኗል። በዚህ መጣጥፍ በተለይ የሚወሳው ከመሬቱ ሐራጅ በርካሽ ገዝቶ፣ አጥቦና ጠግኖ፣ በስልኩ ሐራጅ መልሶ የመሸጥ ልማድ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ንግድ የያዙ ሰዎች ዕቃቸውን የሚለቅሙት ከበጎ አድራጎት ሱቆች ሲሆን፣ በሪያድ የምጽዋት ልብስ የሚጣልባቸው ሳጥኖች በየሰፈሩ ቢቆሙም የቸርቻሪው ዋና ምንጭ ሐራጁ ነው።

ሥርወ ቃል

የቃሉ ጥንተ ነገር ያከራክራል። አንደኛው ወገን ሥሩን በዐረብኛው «ሐ-ረ-ጀ» ውስጥ ይፈልገዋል፤ ይህም ሥር መጥበብን፣ መጨነቅንና መከልከልን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ገዢዎች ዕቃውን ከብበው ሲጋፉ ወይም የመጨረሻው ዋጋ ተጠርቶ ሌላው ተጫራች መተንፈሻ ሲያጣ የሚታየው ጥበት ስሙን ሰጠው ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቃሉ ግብር ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ኀራጅ» ተነሥቶ ወደ ቱርክኛ የገባ፣ በዚያም «ሐራች መዛት» በሚለው የጨረታ ስያሜ ውስጥ ትርጓሜውን ለውጦ፣ በኦቶማን ዘመነ መንግሥት ወደ ዐረቦቹ አፍ የተመለሰ ነው ይላል። ፊደላችንን ለሚያውቅ አንባቢ የክርክሩ ምሥጢር ቶሎ ይገለጥለታል፤ ዐረብኛ እንደ ግእዙ ሐመሩን «ሐ» ከብዙኃኑ «ኀ» በድምፅ ሲለይ፣ የኢስታንቡል ቱርክኛ ግን ሁለቱንም በሃሌታው «ሀ» አንድ አድርጎ ስለሚያነብ፣ በ«ኀ» የሄደው ቃል በ«ሐ» ቢመለስ ሊያስደንቅ አይገባም። በአንጻሩ የኦቶማን ጸሐፍት ቃሉን በዐረብ ፊደል ሲጽፉ «ኀ»ውን ጠብቀው ስለ ነበር፣ ብድሩ ተደርጎ ከሆነ የተደረገው በመጽሐፍ ሳይሆን በገበያ ሰዎች አንደበት ነው ማለት ይሆናል። ለአሰናጁ ሁለተኛው አስተያየት ይበልጥ የቀና ይመስለዋል።

አማርኛም ቃሉን እንዳለ ይዞታል። በፍርድ ባለዕዳ ንብረት ላይ የሚወጣው «የሐራጅ ማስታወቂያ» በጋዜጦቻችን ዘወትር የሚታይ ነው፤ እኛ ግን ሐራጅን የፍርድ ቤት ቃል ስላደረግነው በደስታ የማይሰማ ስም ሲሆን፣ ለሪያድ ሰው የዓርብ መዝናኛ ነው። ከቃሉ ጋር «ሱቅ»ና «ደላላ» ያንኑ የቀይ ባሕር መንገድ የተጓዙ ጓደኞቹ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

የመሬቱ ገበያ

በከተማው እጅግ የታወቀው ሐራጅ ኢብን ቃሲም ነው፤ ትርጓሜው «የቃሲም ልጅ ሐራጅ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በዚያ ስም ከሚጠራ ሰው እንደ ሆነ ይነገራል። ገበያው ከከተማው መካከል ተነሥቶ፣ ሪያድ እየሰፋች በሄደች ቁጥር ወደ ደቡብ እየተገፋ ሄዷል። በውስጡም አልጋና ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ የአየር ማስተካከያ፣ የሥራ መሣሪያ፣ የተበተነ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ አንዳንዴም ማን እንደ ተጠቀመበት የማይገመት ነገር ሁሉ በምንጣፍና በመሬት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ለአዲስ አበባ ሰው የመርካቶውን ምናለሽ ተራ በበረሓ ፀሐይ ሥር አስፍቶ ማሰብ ይቀለዋል፤ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ስሙን ያገኘው ቁራሌው ብቻ ይጎድለዋል።

ሌላው በዲራ ሰፈር፣ በቀስር አል-ሑክም ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው ሱቅ አል-ዘል ነው። ይህ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ማለትም የሳዑዲ ዐረቢያ መሥራች ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ከተማይቱን ከመያዛቸው ከአንድ ዓመት በፊት እንደ ተመሠረተ ይጻፋል፤ «ዘል» ምንጣፍ ማለት ሲሆን፣ ከምንጣፉ በቀር የወንዶች ካባ፣ የዑድ ዕጣንና ጥንታዊ ዕቃ ይሸጥበታል። ከዐስር (የተሲያት) ጸሎት በኋላ ደላላው ዕቃውን በእጁ ከፍ አድርጎ በሕዝቡ መካከል እየተዘዋወረ የሚጠራው ጨረታም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

በጨረታው ላይ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ። «ሶም» ገዢው የሚጠራው ዋጋ ነው፤ «ሐድ» ደግሞ ሻጩ ከዚያ በታች አልወርድም የሚልበት ወሰን ነው። ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ ልዩ ልማድ በተለይ በመኪና ሐራጅ ይሰማል፤ ሻጩ መኪናውን «የብረት ክምር» ወይም «በውሃ የሟሟ ጨው» ብሎ ይጠራና፣ ነውር ቢገኝበት አልጠየቅም ሲል ከወዲሁ እጁን ይታጠባል። የሸሪዓ ሊቃውንት ይህን አባባል መርምረው፣ ሻጩ ነውሩን የማያውቅ እንደ ሆነ አባባሉ እንደሚረዳው፣ ዐውቆ የሸሸገ እንደ ሆነ ግን የብረት ክምር ማለቱ ከኅሊና ዕዳ እንደማያወጣው ወስነዋል። ሳይገዛ ዋጋ የሚያስወጣ የሐሰት ተጫራችም በሸሪዓው የተወገዘ ነው።

የገበያውን ሙላት የሚወስነው የመጻተኞች መምጣትና መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተ ሰብ ላይ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል ግብር ተጥሎ፣ በየዓመቱ 100 ሪያል እየጨመረ በ2020 እስከ 400 ሪያል በደረሰበት ጊዜ፣ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ትተውት የሚሄዱት የቤት ዕቃ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሲሳይ ሆኗል።

የስልኩ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት የተጀመረውና መጀመሪያ በመኪና ማስታወቂያ የታወቀው «ሐራጅ» የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ዛሬ ከግመል እስከ ሞባይል የማይሸጥበት የለም። ከብዙ ገበያዎች የሚለየው ነገር ክፍያውን የሚሰበስብበት ሥርዐት ነው፤ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ዕቃው በገበያው አማካይነት ቢሸጥለት ከዋጋው 1 በመቶ ለገበያው ባለቤት እንዲከፍል በእግዚአብሔር ስም ቃለ መሐላ ይገባል፤ ሳይከፍልም ከዕዳው ነጻ እንደማይሆን ይነገረዋል። ሽያጩ የሚፈጸመው በሁለት ሰዎች መካከል፣ ብዙ ጊዜም ፊት ለፊት በጥሬ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ገበያው የተሸጠበትን ዋጋ የሚያይበት ዐይን የለውም፤ የሚያየው የመሐላውን ባለቤት ብቻ ነው። ግብሩን ለኅሊና ያስረከበ ድርጅት ይህን ያህል ዘመን መቆሙ፣ በአሰናጁ ዐይን፣ ከቴክኒኩ ይልቅ የሚመረመር ነገር ነው።

የመሬቱ ቋንቋም አብሮ ተሻግሯል። ዋጋ ሳይጻፍበት የሚወጣ ዕቃ «በሶም» ወጣ ይባላል፤ ሶሙ የት እንደ ደረሰ ይጠየቃል፤ ሐዱ ይገለጻል ወይም ይሸሸጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሪያድ የተቋቋመውና ያገለገለ ስልክና ኮምፒውተር የሚያሻሽጠው ድርጅት «ሶም» የሚለውን ስም መምረጡም ከዚሁ ነው። በኢብን ቃሲም አቧራ የለበሰ ዕቃ ታጥቦ፣ በነጭ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ፣ ፎቶው ሲነሣ ዋጋው የሚለወጥበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የስልኩ ገዢ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሙቀቱ ሳይንገላታ የሚገዛ በመሆኑ ለድካሙ መቅረት ይከፍላል።

ሕግ

የሳዑዲው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ነው፤ ገዢው በአንዳንድ ሁኔታ በ7 ቀን ውስጥ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅዳል፣ በጥፋተኛውም ላይ እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይጥላል። ለመጻተኛ የሚከብደው ግን ሌላው ነው፤ የውጭ አገር ሰው በሳዑዲ ዜጋ ስም ተሸሽጎ እንዳይነግድ የሚከለክለውና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይደነግጋል፤ የሠራተኛ ሕጉም ተቀጣሪ ለራሱ እንዳይሠራ ይከለክላል።

ኢትዮጵያውያንና ገበያው

በሪያድ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ተብሎ ሲነገር የኖረው በደቡብ ያለው መንፉሓ ነው፤ ከእስልምና በፊት የነበረው ታላቁ የዐረብ ባለቅኔ አል-አዕሻ የኖረበት መንደር ሲሆን፣ ዛሬም ስሙ ከሰፈሩ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማሳደድ በጀመረ ጊዜ በዚህ ሰፈር ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ በተከታዮቹ ወራትም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ያፈሩትን ንብረት ትተው መመለሳቸው በጊዜው ተወርቷል።

ከላይ ከተወሱት ሕጎች የተነሣ ኢትዮጵያዊ ቸርቻሪ በአደባባይ መዝገብ የለውም። የሚታወቀው ንግድ የሚካሄደው በእጅ ስልክ ቡድኖች ውስጥ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው፤ «ሰዲቅ» (ወዳጅ) እየተባለ በዐረብኛ የተከራከረው ገዢ፣ እዚያ ሲደርስ «ወንድሜ»ና «እኅቴ» እየተባለ ይሸጣል።

ልባሽ ጨርቅ

ከሐራጅ የሚገዛ ሁሉ ወደ አገር ቤት አይላክም፤ በአማርኛ ሰልባጅ የሚባለው ያገለገለ ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ለንግድ እንዳይገባ የተከለከለ ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ እንደ መጣ ይገመታል።

ወደ አገር ቤት የሚላክ የኤሌክትሪክ ዕቃ

ከሐራጅ ገዝቶ በካርጎ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሊያነብ ይገባዋል። ሳዑዲ ዐረቢያ ለቤቶች የምታድለው ኃይል ለብዙ ዘመን 127 ቮልት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 230 ቮልት ቀስ በቀስ ለመሻገር ቢወሰንም፣ በሐራጅ የሚገኘው አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ኃይል 220 ቮልት በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገኝለትም የሳዑዲው ኃይል በሴኮንድ 60፣ የኢትዮጵያው 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ሞተር ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያና ማቀዝቀዣ፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይግላል፤ የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ መሰኪያውን ከመለወጥ በቀር ሌላ አያስፈልገውም።